«እኛን አይመለከትም» ሲሉሽ አትመለሺ፦ ጀርመን አገር ስለ መግዛትና መመለስ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጀርመን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ሰው መብቱ እያለ፣ ሻጩ ፊቱን ስላጠቆረበት ብቻ ዝም ብሎ ይወጣል። ቋንቋው ያስፈራል፤ ይገባኛል። ሕጉ ግን ጀርመንኛ አቀላጥፎ ለሚናገር ብቻ የወጣ አይደለም።

«አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከገዛሁ አሥር ወሬ ነው። አሁን ውኃውን አልጨምቅ አለ። ሱቁ "እኛን አይመለከትም፣ ፋብሪካው ጋ ደውዪ" ብሎ ሸኘኝ። ደረሰኙም ጠፍቶብኛል።» (ከፍራንክፈርት)

ተመልሰሽ ሂጂ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቀውብሻል። ጋራንቲ ፋብሪካው በፈቃዱ የሚሰጠው ዋስትና ነው፤ ቢፈልግ ይሰጣል፣ ባይፈልግ ይተዋል። ጌቬርላይስቱንግ የሚባለው ግን የሕግ ግዴታ ነው። ለአዲስ ዕቃ ሁለት ዓመት ይቆያል። ተጠያቂውም ገንዘብሽን የተቀበለው ሱቅ ራሱ ነው።

ጊዜውም ላንቺ ያደላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ወዲህ በተሸጠ ዕቃ ላይ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ብልሽት ከታየ፣ ችግሩ ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የሚል ሻጭ ማስረጃ ማምጣት ያለበት እሱ ነው። ቀድሞ ይህ ጥበቃ ስድስት ወር ብቻ ነበር። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን የማስረዳቱ ሸክም ወደ አንቺ ይዞራል። ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበይ።

ይጠገንልኝ ወይስ ይቀየርልኝ የሚለውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። የመረጥሽው ከልክ በላይ ወጪ የሚያስወጣ ከሆነ ብቻ ሻጩ ሌላውን ሊያቀርብልሽ ይችላል። ማሽኑን የማመላለሻው ወጪም የሱ ነው። ስለ ደረሰኙ አትጨነቂ። በካርድ ከከፈልሽ የባንክ መግለጫው ያስረዳልሻል። ዋናው ነገር በጽሑፍ ማድረግ ነው። ምን እንደገዛሽ፣ መቼ፣ ምን እንደተበላሸ ጻፊ፤ የሁለት ሳምንት ቀነ ገደብ ስጪ፤ «ጌቬርላይስቱንግ» የምትለዋንም አስገቢ። በቃል የተባለውን ነገ ማንም አያስታውሰውም።

ያገለገለ ዕቃ ለምትገዙ፦ ነጋዴው ለይቶ ከነገራችሁና ከተስማማችሁ ጊዜውን ወደ አንድ ዓመት ማሳጠር ይችላል። ከግለሰብ ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ኃላፊነቱን ጭራሽ ሊያስቀር ይችላል።

«ከሱቅ የገዛሁት ጫማ ጠበበኝ። 14 ቀን አለኝ አይደል?» (ከሙኒክ)

የለህም። 14 ቀኑ በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም ከሱቅ ውጪ ለተገዛ ነው። ሱቅ ገብተህ ለክተህ የገዛኸውን፣ እንከን የሌለበትን ጫማ መልሶ መቀበል የሱቁ በጎ ፈቃድ ነው። ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ በገንዘብ ፋንታ ኩፖን ይሰጡሃል። ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። በኢንተርኔት ስትገዛ ደግሞ ዝም ብለህ ጥቅሉን መላክ አይበቃም። ግዢውን እንደሰረዝክ በግልጽ ጻፍላቸው።

«እናቴ ብቻዋን ሳለች ሁለት ወጣቶች በር አንኳኩ። "የመብራት ሂሳብሽን አሳዪን፣ እናስቀንስልሻለን" አሏት። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ታብሌት ላይ አስፈረሟት፣ ሄዱ። ይኸው ስድስት ቀኑ።» (ከኮሎን)

ይህ ጉዳይ ያናድደኛል። ሆን ብለው ቋንቋ የሚከብዳቸውን እናቶች በር ይመርጣሉ። ግን አልረፈደም። ደጃፍ ላይ የተፈረመ ውል በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ይሰረዛል፤ ቪደሩፍ ይሉታል። ስለ መሰረዝ መብታቸው በአግባቡ ካልተነገራቸው ደግሞ ጊዜው በ12 ወር ይረዝማል።

ደብዳቤውን በእናትሽ ስም ጻፊ። ስምና አድራሻ፣ የውሉ ቁጥር፣ «ውሉን ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማቸው፤ በቃ። ኢሜይልም ይሠራል። እኔ ግን በአደራ ደብዳቤ ላኪና የፖስታ ቤቱን ወረቀት አስቀምጪ እላለሁ። የሚቆጠረው የላክሽበት ቀን ነው። ለቀድሞው የመብራት ኩባንያም ዛሬውኑ ጻፊ፤ አዲሱ በእናትሽ ስም አቋርጦባቸው ሊሆን ይችላል።

በስልክ «እሺ» ብለው የተሸወዱም ጠይቀውኛል። የመብራትና የጋዝ ውል በስልክ ቃል ብቻ አይጸናም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ባጅ አንጠልጥሎ የመጣ ሁሉ ከመብራት ኃይል አይደለም። ሂሳባችሁን በር ላይ አታሳዩ።

«የተጨማደደ የመጠጥ ቆርቆሮ የሱቁ መቀበያ ማሽን መለሰብኝ። 25 ሳንቲሜ ቀረ?» (ከበርሊን)

አልቀረም። የፕፋንድ (ባዶውን ስትመልስ የሚመለስልህ የመያዣ ገንዘብ) ምልክቱ የሚነበብ ከሆነ ሠራተኛ ጥራና በእጅ ስጥ። ከ200 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ ቆርቆሮ የሚሸጥ ከሆነ፣ የየትኛውንም ምርት ባለፕፋንድ ቆርቆሮ መቀበል አለበት። ምልክቱ የሌለው፣ ከሌላ አገር የመጣ ቆርቆሮ ግን አይከፈልበትም።

«እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። የምትገዛው ዕቃ ቫቱ ይመለሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» (ከሽቱትጋርት)

እውነት ነው፤ መኖሪያቸው ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ስለሆነ። ለአንቺ ግን አይሠራም። ገዢዋ እሳቸው ይሁኑ፤ ፓስፖርታቸውን ይዘው ይሂዱ። ግዢው ከ50 ዩሮ መብለጥ አለበት። ሱቁ የመተባበር ግዴታ ስለሌለበት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከተስማማ ቅጹን ይሞላል። ዕቃው ከተገዛበት ወር በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መውጣት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤርፖርት ላይ ነው። ሻንጣው ከተሰጠ በኋላ ጉምሩክ የሚያየው ዕቃ የለም። መጀመሪያ ጉምሩክ ጋ ዕቃውን አሳይታችሁ ማህተም አስደርጉ፣ ከዚያ ሻንጣውን ስጡ። 19 በመቶው ዋጋው ውስጥ የተካተተ ስለሆነ፣ ከከፈሉት ውስጥ ታክሱ 16 በመቶ ገደማ ነው። ገንዘቡን የሚመልሰው አገናኝ ድርጅት ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል።

«ያላዘዝኩትን ዕቃ ክፈል የሚል ደብዳቤ ደጋግሞ ሲመጣ ጣልኩት። አሁን ከፍርድ ቤት ቢጫ ፖስታ መጣ።» (ከሃምቡርግ)

ይህን አይጣሉት፣ አባቴ። ማንበሻይድ ይባላል፤ በፍርድ ቤት በኩል የሚላክ የክፍያ ማሳሰቢያ ነው። ፍርድ ቤቱ ዕዳው እውነት መሆኑን አልመረመረም፤ ከሳሹ ያለውን ብቻ ነው የላከው። ፖስተኛው ፖስታው ላይ ቀን ጽፏል፤ ስለዚህ ፖስታውንም ያስቀምጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት አለዎት። አብሮ በመጣው ቅጽ ላይ ዕዳውን በሙሉ እንደሚቃወሙ ምልክት ያድርጉ፣ ይፈርሙ፣ ለፍርድ ቤቱ ይላኩ። ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም። ዝም ካሉ ግን ከሳሹ ከፍርድ ቤቱ የማስፈጸሚያ ትእዛዝ ማስወጣት ይችላል። እሱም ከደረሰ ሌላ ሁለት ሳምንት አለ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በጣም ይከብዳል።

ብቻዎን አይሙሉት። ፌርብራውሸርሴንትራለ የሚባለው የሸማቾች ምክር ማዕከል በየክፍለ ግዛቱ አለ፤ አንዳንዱ ምክር ያስከፍላል። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ ሃምቡርግ ውስጥ ኦራ (ÖRA) ወደሚባለው የከተማው የሕግ ምክር መስጫ ይሂዱ፤ ከሃምቡርግና ከብሬመን ውጪ ያለ ሰው ግን የምክር ድጋፍ ወረቀት የሚጠይቀው ከአምትስጌሪሽት፣ ማለትም ከአካባቢው ፍርድ ቤት ነው። ወረቀቱን ያገኘን ሰው ጠበቃው ለምክሩ ሊያስከፍለው የሚችለው 15 ዩሮ ብቻ ነው። መታወቂያዎን፣ የገቢ ማስረጃዎንና ቢጫውን ፖስታ ይዘው ነገ ጠዋት ይሂዱ።