የወንድምሽን ብር ገና አትቀበይ

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ደብዳቤሽን ባጭሩ ልድገመው። በአካውንቲንግ ተመረቅሽ፣ የመውጫ ፈተናውን አለፍሽ፣ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እየቆምሽ ቅጥር ጠበቅሽ። በዚሁ መሃል አባትሽ ትተዋት ያረፉትን ቮልስ ግቢ ውስጥ ፈታትተሽ፣ ዝገቷን ፍቀሽ፣ ወለሏን በያጅ አስመጥተሽ አስቀይረሽ፣ ቀለሙን በራስሽ እጅ ረጭተሽ በስምንት ወር አቆምሻት። አሁን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «400,000 ብር ልላክልሽና የመንገድ ዳሩን ክፍል ጋራዥ እናድርገው» ይላል። እናትሽ ደግሞ «ዲግሪ ይዘሽ ግራሶ ልትለብሺ?» ብለው አኩርፈዋል። ብሩን ልቀበል ወይስ የመንግሥት ሥራውን ልጠብቅ ነው ጥያቄሽ።

ሁለቱንም አልመክርሽም። ዓባይ ማዶም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ የተገጨ መኪና ላሜራ የሚያቀናና የሚቀባ፣ ጥሩ ስም ያለው ባትላሜራና ቀለም ቤት ፈልጊና ተቀጠሪ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት።

የላክሽልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጉልቼ አይቻቸዋለሁ። በግራ ስፖርቴሎ (በር) እና በፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የላሜራው ጉድጓድ የሚሞላበት ስቱኮ አልተከመረም፤ ብርሃኑ ጎኗ ላይ ሳይሰበር ያልፋል። በእውነት ደስ ብሎኛል፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዓይንና ትዕግሥት አለሽ። ከኋላ ወንበር ሥር ወለሉን በስብሶ አገኘሁት ያልሽው የአባትሽ መኪና ብቻ ሕመም አይደለም፤ ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው እዚያ ስለሆነ አሲዱ በጊዜ ብዛት ላሜራውን ይበላዋል።

ነገር ግን ቮልስ ለጀማሪ ቸር መኪና ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ፈትተሽ መሬት ላይ አስቀምጠሽ ትሠሪያቸዋለሽ። የቀባሻትም ሁለመናዋን በአንድ ብልጭታ በሌለው ክሬም ቀለም ነው፤ ከነበረ ቀለም ጋር ማመሳሰል አላስፈለገሽም። ደግሞም የዚህች ዓይነት የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በቀሩት ቮልሶች ጋራዥ አይተዳደርም። በርሽ ላይ የሚቆመው ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ዲኤክስ፣ ቪትዝና አይሱዙ ነው።

እስቲ አንዲት ብርማ ቪትዝ የኋላ ጎኗን ተገጭታ መጣች እንበል። የኋላው ፓራፋንጎ ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው፤ አይፈታም። ቀጥቅጠሽ፣ ስቱኮ ሰጥተሽ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ቀብተሽ ጨረስሽ። ከዚያ በኋላ ነው ፈተናው። ብርማ ቀለም ውስጥ ያለው ብናኝ የሚተኛው እንደ አረጫጨትሽ ነው። መርጫውን ትንሽ ብታቀርቢው ወይም ብታርቂው፣ አየሩን ብትጨምሪው፣ ቲነሩን ብታበዢው ከአንድ ጣሳ የወጣው ቀለም አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይነጣል። መኪናዋ ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ደግሞ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ስለሆነ የፋብሪካው የቀለም ቁጥር ብቻውን አያደርስሽም። ስለዚህ ባለሙያው አዲሱን ቀለም እያሳሳ ወደ ጎረቤቱ ስፖርቴሎ ያስገባዋል፣ ድንበሩ እንዳይለይ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባውን የላይኛ ሽፋን፣ ያለብሳቸዋል። ይህን ዩቲዩብ ላይ ታይዋለሽ፤ እጅሽ ውስጥ የሚገባው ግን በሰው መኪና ላይ፣ የሚያርምሽ ሰው ከጎንሽ ቆሞ ስትሠሪ ነው።

ሌላው ዋጋና ቀን ነው። ቮልሷ ስምንት ወር ስትቆም «መቼ ትጨርሺያለሽ?» ያለሽ ሰው የለም። ባለባጃጁ ግን አንድ ቀን በቆመ ቁጥር የዕለት ገቢው ይቀርበታል። የተጨማደደውን ጎን አይተሽ፣ ባለቤቱ ሳይሄድ «ይህን ያህል ብር፣ እስከ ዓርብ ድረስ» ማለትና ያልሽውን ማድረስ አለብሽ። ስቱኮው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቲነሩ፣ ክሊሩ፣ መብራት የጠፋበት ቀን፣ ደንበኛው «ቀለሙ አልገጠመም» ብሎ ያስደገመሽ ሥራ ሁሉ ከዚያች ከተናገርሻት ዋጋ ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህን ግምት በአንድ መኪና ማንም አይማረውም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ደግነቱን አልጠራጠርም። ይህን ዓይነት ጉዳይ ይዘው እኔ ዘንድ የሚመጡ ወጣቶች ግን ብዙ ናቸው፤ አካሄዱም ይመሳሰላል። ኮምፕሬሰሩ ይገዛል፣ የብየዳ ማሽኑ ይገዛል፣ ክፍሉ ይታደሳል፣ ታፔላ ይሰቀላል። ሥራው ሳይጀመር ብሩ አልቆ ለቀለም መግዣ የሚሆን የእጅ ገንዘብ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ዘመድና ጎረቤት ናቸው፤ ዘመድ ደግሞ በዱቤ ነው የሚያሠራው። ወንድምሽ ያንን ብር ያጠራቀመው በሰው አገር ደክሞ ነው። በዓመቱ «እንዴት ሆነ?» ማለቱ አይቀርም፤ መብቱም ነው። የባንክ ዕዳ የመክፈያ ቀን አለው፣ ተከፍሎ ይዘጋል። የወንድም ዕዳ ግን በየበዓሉ ስልክ ላይ እየተነሳ እህትና ወንድም ያቀያይማል፣ እናትንም መሃል ያስገባል። «አሁን አትላክ፤ እዚያው በስምህ አስቀምጠው። ዓመት ሠርቼ የያዝኩትን የዋጋ ደብተር ልኬልህ እንነጋገራለን» በዪው። በዚህ የሚከፋ ወንድም ከሆነ ደግሞ ብሩን አለመቀበልሽ የበለጠ ትክክል ነው።

«ማን ይቀጥረኛል?» እንዳትዪኝ። ብዙ ባለጋራዥ ላሜራውን ሲያቀና የማያልበው፣ የግብር ወቅት ሲመጣና ደረሰኝ ሲጠየቅ ያልበዋል። አንቺ ደግሞ ይህን ተምረሻል። «መዝገብህን እይዝልሃለሁ፤ የቀረውን ቀን ቀለም ክፍል አሠራኝ» ብለሽ ግቢ። ትንሽም ብትሆን ደመወዝ ይኑርሽ፤ «ለልምድ በነፃ» የሚልሽን እለፊው። ቀለም የሚያመሳስለው ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ከእሱ ጎን አትራቂ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ቢያስይዙሽ አትከፊ። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት፤ ኋላ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሳስተምር ተማሪ ፊት ያቆመኝ በብርጭቆ ወረቀት ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። በሥራ የተማርሽውን ይዘሽ የሙያ ብቃት ምዘና መፈተን ትችያለሽ፤ መደበኛ ሥልጠና አልወሰድሽም ብሎ በሩን የሚዘጋብሽ የለም። የመንግሥት ማስታወቂያ ሲወጣም ተመዝገቢ፣ ግን ቤት ተቀምጠሽ አትጠብቂው።

የእናትሽ ስጋት ይገባኛል፤ ንግግራቸውን ግን አልቀበለውም። አፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የብረት ሥራ ነበር። ከተማችሁን የትምህርት ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ብረት ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቤት ያስቀመጠሽ ተስፋ የሚያስከብር፣ አባትሽ የተዉትን ንብረት ከዝገት ያዳነ እጅ ደግሞ የሚያሳፍር እንዴት ሊሆን እንደቻለ እናትሽ ራሳቸው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሥራው እንጀራ አያወጣም ብለው ከሆነም፣ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ያለውን መኪና ይዞ ነው የሚያስጠግነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሲጋጭ ላሜራው ይጨማደዳል።

እናትሽ ሊፈሩ የሚገባቸው ነገር ሌላ ነው፤ ሳንባሽን። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ሲረጭ እንደ ጉም ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አስም ያስይዛል፤ አንዴ ከያዘ በኋላ በትንሹም ይቀሰቀሳል። አፍ ላይ የሚታሰር ተራ ጭምብል ወይም ሻሽ አያግደውም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ተከራይ ከነልጆቹ በሚኖርበት ግቢ እንዲህ ያለ ቀለም መርጨት ከዛሬ ጀምሮ ተዪ። የምትቀጠሪበት ጋራዥ ቀለም ክፍል ምን ዓይነት ጭምብል እንደሚያስደርግ ሳታዪም ሥራ አትጀምሪ። ወንድምሽ ዛሬውኑ ልርዳ ካለ የሚልክልሽ ይህን የአየር ቱቦ ያለውን ጭምብል ነው።

ስለቀሩት ጥያቄዎችሽ። የኮፈኑ ቀለም ለምን ነጥቶ ወተት መሰለ ላልሽው፣ በሐምሌ ስለረጨሽው ነው። ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፣ የክረምቱ እርጥብ አየር ላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ያ ውሃ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ያነጣዋል። ጥቅምት ሲደርስ፣ በምትቀጠሪበት ጋራዥ አስፈቅደሽ ድገሚው፤ ከኮምፕሬሰሩ ታንክ ሥር የተጠራቀመውን ውሃም መጀመሪያ አፍስሺ።

ሴት መሆንሽ ከሥራው አያግድሽም፤ ግን የሚቆለፍ ልብስ መቀየሪያ ክፍል መኖሩን አይተሽ ግቢ።

ቮልሷን ለሠርግ አከራዪን ያሉሽን በተመለከተ፣ ሊብሬው አሁንም በአባትሽ ስም ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችሁ ስሙ እስኪዛወርና መድን እስኪገባላት ድረስ በሰው እጅ ከግቢ አትውጣ።