አቅም ሲያጥር የቤተሰብ ዕረፍት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሰፈራችን የቤተሰብ ጉዞ ስለማስተባብር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎችን የሚነኩትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም ባለቤቴም የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ነን። የሁለታችን ፈቃድ ገጥሞ አያውቅም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከብሩ በፊት ቀኑን ያዙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። በሥራ ቀን ስለሚቆጠር በመሐል የገባ የሕዝብ በዓል ከፈቃዳችሁ አይነሳም። አሠሪያችሁ ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድም ይቻላል። ሥራ ላይ እያላችሁ በፈቃዱ ፈንታ ገንዘብ ለመቀበል መስማማት ግን ሕጉ አያውቀውም፤ ባያውቀውም ደግ ነው። የልጆቹን የትምህርት ካላንደር ይዛችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የፈቃድ ፕሮግራም ሳይወጣ ሁለታችሁም አንድ ሳምንት አስመዝግቡ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ብትመርጡ ማረፊያው ብዙ ጊዜ ከቅዳሜና እሑድ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች፣ አንድ ቅዳሜ፣ ትንሽ ብር። ከአዲስ አበባ ሳንወጣስ?

መልስ፦ ጠዋት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን ነገር በዋዜማው ማታ ንገሯቸው፤ ታሪኩን የሰማ ልጅ አይቶ አይጠግብም። ከሰዓት እንጦጦ፣ ሹራብ ሳትረሱ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሐይቅ አይተው አያውቁም። የቱ ይቀርባል?

መልስ፦ ቢሾፍቱ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ይሆናል፣ የአልጋ ወጪ የለውም። ሪዞርቶቹ የቀን መግቢያ ያስከፍላሉ፤ ምሳ ይጨምር እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት መጨረሻ እዚያው ሆራ ሐይቅ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱም ማረፊያውም ይጨናነቃል። ለማደር ካሰባችሁ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ላንጋኖ አለ። ውኃው ቢደፈርስም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃል። ድንኳን ካላችሁ ወጪው በብዙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለመስቀል ጉራጌ፣ ወላጆቼ ጋር እንገባለን። ሆቴል አንከፍልም፤ ባለቤቴ ግን "አንተ አረፍክ እንጂ እኔ መቼ አረፍኩ" ትለኛለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቷን ነው። ክትፎው፣ ቆጮው፣ የሚገባ የሚወጣው እንግዳ በማን እጅ እንደሚያልፍ አንተም ታውቃለህ። ዘመድ ቤት ማደር ወጪ ይቀንሳል፤ ልጆችም አያታቸውን ይጠግባሉ። ነገር ግን የተቀነሰው ወጪ ወደ እሷ ጉልበት ከዞረ እኔ የቤተሰብ ዕረፍት አልለውም። ስለዚህ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩ፤ በነዚያ ቀናት ልጆቹን ማጠቡን፣ ማብላቱን፣ ማስተኛቱን አንተ ያዝ። ለእናትህ "ዛሬ እኛ እንሠራለን" በላትና አንተው ጓዳ ግባ። መጀመሪያ ይከፋት ይሆናል፣ ልጅህን ስታበላ ስታይ ግን ትለምደዋለች። ለቤቱ የሚሆን ስኳር፣ ዘይት፣ ቡናና ትንሽ ብር ገና ስትገባ ስጥ፤ ስትወጣ ከሰጠህ ባለቤቶቹ ቀድመው ተበድረው ይሆናል። የቡታጅራን መንገድ ከያዛችሁ ጢያ ላይ ውረዱ፤ 36ቱ ትክል ድንጋዮች የዓለም ቅርስ ናቸው፣ ለእሷም የራሷ የሆነ ጥቂት ሰዓት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከጎረቤት ጋር ሆነን መኪና ኮንትራት ብንይዝ ያዋጣል?

መልስ፦ ሦስት ቤተሰብ ከሞላችሁ ያዋጣል። ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያው በማን እንደሆነ፣ መኪናው እዚያው ይቆይ እንደሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ ተነጋገሩ። ብሩን በትንሽ ዕቁብ አጠራቅሙት፤ የመጨረሻው ዕጣ ከጉዞው በፊት እንዲወጣ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።