«አባቶች ለምን ዝም ይላሉ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህርት ነኝ። ስለ አሜሪካዊው ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ደቡብ አፍሪካዊው ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «እነርሱ የሃይማኖት መሪዎች ሆነው ሀገር ለወጡ፤ የእኛ አባቶች ለምን ዝም ይላሉ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «የቄሳርን ለቄሳር» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ካህን በሕዝብና በመንግሥት ጉዳይ ቢናገር ከአገልግሎቱ ወጣ ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ፤ አልወጣም። ጌታ «የቄሳርን ለቄሳር» ያለው ዲናሩን አምጥተው መልኩ የቄሳር መሆኑን ከመሰከሩ በኋላ ነው (ማቴ. 22፥21)። በሰው ላይ ያለው መልክ ግን የእግዚአብሔር ነው። ሰው ሲገደልና ድኻ ሲቀማ ካህን ፊቱን ቢያዞር የእግዚአብሔርን ገንዘብ ለቄሳር አስረክቧል። ናታን በዳዊት ፊት፣ መጥምቁ ዮሐንስ በሄሮድስ ፊት የቆሙበትን ታሪክ ስለምታውቂው አልደግመውም። የንስሐ አባትሽም ያውቁታል። ነገሩን የቆረጡት ዘመኑ አስፈርቷቸው ይሆናል፤ አትፍረጂባቸው።

እኔን ያሳሰበኝ የተማሪሽ ጥያቄ ነው። «ለምን ዝም ይላሉ?» ሲባል ከወጣቱም ከሽማግሌውም፣ በቢቸናም በሞጣም በባሕር ዳርም ስሰማው ኖሬአለሁ። ጠያቂውን ቀስ ብዬ ስመረምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው እርሱ የሚያስበውን የሚናገርለት አባት ነው። ልቡ ያለውን የተናገረለትን ነቢይ ይለዋል፤ ሌላ የተናገረውን ካድሬ። ትናንት «ካህን በፖለቲካ አይግባ» ይል የነበረው ሰው፣ ዛሬ ነገሩ ሲገለበጥበት «አባቶች ምነው ተኙ?» ይላል።

እስቲ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22ን አውጪና አንብቢው። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ በሬማት ዘገለዓድ ከተማ ላይ ሊዘምት ፈልጎ አራት መቶ ነቢያት ሰበሰበ። አራት መቶውም በአንድ አፍ «ውጣ» አሉት። አንዱማ፣ ሴዴቅያስ፣ የብረት ቀንዶች አሠርቶ «በእነዚህ ትወጋቸዋለህ» አለ። ልብ በዪ፤ እነዚህ ሰዎች ዝም አላሉም። በሀገር ጉዳይ ገብተዋል፣ በአደባባይ ተናግረዋል፣ የእግዚአብሔርንም ስም ጠርተዋል። ከእነርሱ ጋር ያልተባበረው ነቢዩ ሚክያስ ብቻ ነበር። አክዓብ ስለ እርሱ ያለውን ደግሞ ብዙዎቻችን በልባችን እንለዋለን፤ ክፉ እንጂ መልካም ትንቢት ስለማይናገርልኝ እጠላዋለሁ። ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ እንኳ በመንገድ ላይ «ቃልህ እንደ እነርሱ ቃል ይሁን» ብሎ መክሮት ነበር። ይህ መልእክተኛ ዛሬም ሥራ አልፈታም። የእውነቱ ነቢይ በጥፊ ተመታ፣ ወደ ግዞት ቤትም ተወሰደ። እንግዲህ ተማሪሽ «ማን ተናገረ?» ብሎ ቢጠይቅ አራት መቶው ይበልጣሉ።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በግብፁ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሲሾሙ፣ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም አብረው ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለፋሺስት እንዳይገዛ አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። አቡነ አብርሃም የእኛው፣ የጎጃም ጳጳስ ነበሩ። ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ በ1930 ዓ.ም. የበላይ አድርጎ ሾማቸው፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። የሀገረ ስብከታቸው ምእመናን ግን እነ በላይ ዘለቀን ተከትለው ጫካ ገብተው ነበር። ያረጁና ዐይናቸው የደከመ አባት ስለነበሩ ፍርዱን ለእግዚአብሔር እተዋለሁ። ታሪኩን ግን አንደብቀውም። የሰማዕቱን ሐውልት ለተማሪዎች እያሳየን የሌላውን ስም ስንዘል፣ መስቀል የጨበጠ ሁሉ በእውነት ቆሟል ብለው እንዲያድጉ እናደርጋቸዋለን። ሁለቱም ተሰልፈዋል፤ ሁለቱም በዘመናቸው ፖለቲካ ውስጥ ነበሩ።

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ አባት የራሱን ወገን ገሥጾ ያውቃል? ናታን የዳዊት ወዳጅ እንጂ የሳኦል ቤት ሰው አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ አኖሬዎስ የገሠጹት የገዛ ሃይማኖታቸውን ንጉሥ አፄ ዓምደ ጽዮንን ነበር፤ ስለ ጋብቻው ስለተናገሩትም ተገርፈዋል። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስም በአውሮፓ አቆጣጠር በ390 ገደማ በተሰሎንቄ ሕዝብ ያስፈጀውን ክርስቲያን ንጉሥ ቴዎዶስዮስን ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከቁርባን አግደውታል።

አንቺ ያነሣሻቸውም፣ በሃይማኖት ከእኛ ቢለዩም፣ በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ አይቀሉም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985፣ ዱዱዛ በምትባል የደቡብ አፍሪካ መንደር፣ ለቅሶ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ አንዱን ጥቁር ሰው «የፖሊስ ሰላይ ነህ» ብሎ ሊያቃጥለው ሲል ቱቱ መካከል ገብተው አዳኑት። ያ ሕዝብ የሚታገሉለት ሕዝብ ነበር። ኪንግም በ1967 የቬትናምን ጦርነት ሲቃወሙ፣ በሲቪል መብት ትግሉ አብረዋቸው የቆሙ ሰዎች ሳይቀሩ «አጉል ነገር ውስጥ ገባህ» ብለው ተቆጥተዋቸዋል። ለተማሪሽ ይህን ጨምሪለት። ሀገር የለወጡት በጠላታቸው ላይ ስለጮኹ ብቻ አይደለም።

ስለ ዛሬው የጎጃም መከራ ስም ጠርቼ እንድፈርድ የምትጠብቂ ከሆነ አላደርገውም። በዚያው ሚዛን ግን ይህን እላለሁ፤ የመንግሥትን ወታደር «ንጹሕ ሰው አትግደል» የሚል አባት ጫካ ላለውም ያንኑ ቃል ይንገር። ጫካ ያለውን የሚገሥጽም ለባለ ሥልጣኑ ቃሉን አያለስልስ። ከሁለቱም ወገን የሚሰደብ ቢኖር፣ እርሱን አድምጪው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ቤት። እኛ ካህናትና መምህራን ለውጥ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ይመስለናል። ነገር ግን በጎጃም ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ለማስታረቅ መስቀል ይዘው ከሽማግሌ ጋር በመካከል የሚቆሙት ካህናት፣ ፍርድ ቤት የፈረደበትን ሰው እንኳ ከበቀል ያድናሉ። ማንም የለውጥ መሪ ብሎ አልጻፈላቸውም። ይህ የምንመሰገንበት ነው። የምናፍርበትም አለ። ዲያቆን ከመቀሰሱ በፊት ድንግል ማግባት አለበት የሚለው ሥርዓት ቅዱስ ነው፤ እኛ ግን «ትንሽ ስትሆን እርግጡ ይታወቃል» እያልን ከትምህርት ቤት የምትነጠቅ ሕፃን ልጅ ሰበብ አደረግነው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ሥርዓቱም ድንግልናን እንጂ ሕፃንነትን አልጠየቀም። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ቀበሌ ሲከለክል ቤተሰቡ በሌሊት ይደግሳል፤ ካህኑ «እኔ አላደርስም፣ ከድግሱም አልቀምስም» ሲል ግን ድግሱ ይፈርሳል። በአንድ ደብር እንዲህ ያሉ ሁለት ካህናት ቢገኙ የሚሆነውን አስቢው። ንጉሥ ገሥጸው የማያውቁ፣ ጋዜጣ ላይ ስማቸው ያልወጣ ካህናት ናቸው ይህን የሚችሉት። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሚገሥጹት ደግሶ የጠራቸውን፣ ክርስትና ያነሡለትን፣ ምናልባትም የገዛ ወንድማቸውን ነውና።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባትሽ ተመለሺ። የቄሳርን ነገር አታንሺባቸው፤ ስለ እርሱ መከራከር ሁለታችሁንም ያደክማል። መምህርት ነሽና በክፍልሽ ካሉት ልጃገረዶች ዘንድሮ ልትዳር የታጨች ትኖራለች፤ በዝምታዋ ታውቂያታለሽ። አስቀድመሽ ለብቻዋ አነጋግሪያት። ከዚያ ስሟን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ወደ ወላጆቿ ቤት አብራችሁ ሂዱ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ዘመድ ተጠርቶ ይቆያችኋልና ከገና በፊት ድረሱ።