ስለ ዪን ዮጋ ጠይቃችሁኛል
በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዪን ዮጋ ናቸው። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ።

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ማታ ወገቤ ደርቆ እንቅልፍ ይነሳኛል። ይህ ዮጋ ከሌላው በምን ይለያል?»

በዋናነት በቆይታው። በአብዛኞቹ የዮጋ ዓይነቶች ጡንቻ ይሠራል። በዚህኛው ጡንቻን አላልተው አንድ አቀማመጥ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። ትኩረቱ ዳሌ፣ ጭንና የታችኛው ጀርባ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኩንግ ፉ መምህሩ ፖሊ ዚንክ ካስተማረው ተነሥቶ ፖል ግሪሊና ሣራ ፓወርስ አስፋፍተውታል።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ውስጥ እግሩን አገናኝቶ፣ ጉልበቶቹን ወደ ጎን ጥሎ፣ ወደ ፊት በማጎንበስ ነው። ግንባርዎን ትራስ ላይ ቢያሳርፉ ይቀልዎታል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ለዋለ ጀርባ ሌላ መጉበጥ ብቻውን አይበቃውም። በሆድዎ ተኝተው በክርንዎ እየተደገፉ ደረትዎን ቀና ያድርጉ፤ 2 ደቂቃም ለጀማሪ በቂ ነው። ሲጨርሱ በድንገት አይነሡ፤ በእጅዎ እየተደገፉ ቀስ ብለው ይውጡ።

«አሠልጣኛችን ሕመሙን ታገሡት ይለናል። እግሬ ግን ይደነዝዛል።»

አይታገሡት። ደብዘዝ ያለ የመሳብ ስሜት የሚጠበቅ ነው። መደንዘዝ፣ እንደ መርፌ መጠቅጠቅና የሚወጋ ሕመም ግን ነርቭ ወይም መገጣጠሚያ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይውጡ። ተማሪን በሕመም የሚያሠለጥን ሰው ይህን ዮጋ አልገባውም ባይ ነኝ፤ እዚህ የሚሸለም ጀግና የለም። መደንዘዙ ከልምምዱ በኋላም ካልለቀቀዎት ሐኪም ያማክሩ።

«ቤይሩት በሰው ቤት እሠራለሁ። ክፍሌ ጠባብ ነው፤ ከመተኛቴ በፊት ያለኝም ጥቂት ደቂቃ ነው።»

እህቴ፣ አንድ ግድግዳ ይበቃሻል። በጎንሽ ግድግዳውን ተጠግተሽ ተቀመጪ፤ ከዚያ በጀርባሽ እየተጋደምሽ እግሮችሽን ወደ ላይ አንሥተሽ ግድግዳው ላይ አሳርፊያቸው። ከወገብሽ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጊ። አየር ከምታስገቢበት ጊዜ ይልቅ የምታስወጪበትን አስረዝሚው፤ የልብ ምትን ያረጋጋል። ሙሉ ቀን ቆሞ ለዋለ እግር ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም። የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ሕመም ካለብሽ ግን ሐኪም ሳትጠይቂ አትሞክሪው።

«የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልቀጥል?»

በእርግዝና ወቅት ሰውነትሽ የሚያመነጨው ሆርሞን ጅማቶችሽን ስለሚያላላ፣ ከወትሮው በላይ መለጠጥ ቢቻልሽም አትለጠጪ። በሆድሽ አትተኚ፤ በጀርባሽም ለረጅም ጊዜ አትጋደሚ። የምትከታተልሽን አዋላጅ ጠይቂያት።

«የንስሐ አባቴ ዮጋ ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም አሉኝ።»

ከንስሐ አባትዎ ጋር አልከራከርም። ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ልማድ የወጣ ነው፤ ስሙ የተወሰደበት የዪንና የያንግ፣ ማለትም የተቃራኒዎች ሚዛን፣ አስተሳሰብም የቻይና ነው። ይህን መካድ ታማኝነት አይሆንም። እርስዎ የፈለጉት የወገብና የዳሌ መፍታታት ብቻ ከሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ ለእርስዎ ወገብ የሚስማማውን ማፍታቻ ያሳይዎታል።