መልስ፦ በቅርጫት ኳስ ሰው በሰው የሚከላከል ቡድንን የማጥቃት ስልት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በደብረ ብርሃን የሚያሠለጥኗቸው ታዳጊዎች ሰው በሰው ሲያዙ፣ አቀባዩ ኳሱን ሲያነጥር ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ እንደሚያልቅባቸው ገልጸው የትኛው ስልት እንደሚሻል ጠይቀዋል።

በእኔ እምነት አንዱን ስልት እስከ ጥግ ማስተማር አሥር ከማብዛት ይበልጣል። ሰው በሰው የሚጫወት ተከላካይ የሚጠብቀው በዋናነት ቦታውን ሳይሆን ሰውየውን ስለሆነ፣ ኳስ ያልያዘው ልጅ በሄደበት ይከተለዋል፤ ስልቱም የሚሠራው ይህንን መከተል ተጠቅሞ ነው። ረጅሙ ተጫዋች ከቅጣት መወርወሪያው መስመር ጥግ ወደ ታች ወርዶ፣ በቅርጫቱ አጠገብ ያለውን የወርዋሪውን (ወደ ቅርጫቱ የሚወረውረውን ልጅ) ተከላካይ በስክሪን፣ ማለትም መንገዱ ላይ በአካሉ ቆሞ፣ ይከልልበት። ተከላካዩ ከኋላ ከተከተለ ወርዋሪው ወደ ቅርጫቱ ይታጠፋል፤ አቋርጦ ሊቀድመው ከሞከረ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ተከላካዮቹ ከተቀያየሩ ደግሞ ረጅሙ ልጅ አጭሩን ተከላካይ ከጀርባው አድርጎ ኳስ ይጠይቃል።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ትንሹ ነገር ነው። ስክሪን የሚያደርገው ልጅ ሁለት እግሩን ተክሎ ካልቆመ ጥፋት ይያዝበታል። ወርዋሪውም ትከሻውን ከጓደኛው ትከሻ አስታክኮ ካላለፈ፣ በመካከል በቀረችው ክፍተት ተከላካዩ ሾልኮ ይደርስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ያለ ተከላካይ ያለማምዷቸው። እንደ ሸዋ ሮቢት ካለ ቆላ የሚመጣ ቡድን በደጋው አየር ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ በስክሪን ደጋግሞ ማሯሯጡ በተለይ በአራተኛው ሩብ ይጠቅማችኋል።