ዴቬንተር ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ጥያቄያችሁን እዚህ አምጡ

ደብተራው፦ ሰሞኑን አራት ሰው በውስጥ መስመር ስለ ዴቬንተር ስለጠየቀኝ እዚሁ አንዴ ልገላገል ብዬ ነው። ከአምስተርዳም በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ አይሰል ወንዝ ዳር፣ እኔ 11 ዓመት ኖሬባታለሁ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ሁለት ነገር አስቀድሜ፦ ባቡር ስትገቡ የጉዞ ካርዳችሁን ጣቢያው ማሽን ላይ እንዳስነካችሁ ስትወርዱም አስነኩ፣ ቀዩ መንገድ ደግሞ የሳይክል ነው አትቁሙበት። በሉ።

ሚሚ፦ ጋሼ ሰላም፣ ከተማዋ ጥሩ ናት?

ደብተራው፦ ለምኑ? ለመኖር ነው፣ ለሰርግ ነው? ጥያቄ አስተካክለሽ ነይ።

ሚሚ፦ ሃሃ እሺ አይቆጡ፣ ለአንድ ቀን ነው፣ ሁለት ልጆች ይዤ።

ደብተራው፦ እንደሱ በይኛ። ብሪንክ የሚባለው አደባባይ ሂጂ፣ አርብ ጠዋትና ቅዳሜ ገበያ አለ። ከአደባባዩ ጫፍ በ1528 የተሠራው የድሮ ሚዛን ቤት አለ፣ አሁን ሙዚየም ነው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የመዳብ ድስት ተንጠልጥሏል። በ1434 ሐሰተኛ ገንዘብ የሠራ ሰው የተቀቀለበት ነው፣ ልጆች ይሄን አይረሱም። ከዛ በትንሿ ጀልባ ወንዙን ተሻገሩና ከማዶ ፓርኩ ላይ ቁጭ በሉ፣ ከተማዋ ከነማማዋ ሙሉ የምትታየው ከዛ ነው። ልጆቹን ቀዩ መንገድ ላይ እንዳትለቂያቸው።

አቤል፦ ሆቴል የት ይሻላል?

ደብተራው፦ ቤቴ ነው የማድረው፣ አላውቅም።

የሮተርዳሙ፦ ሆላንድ ውስጥ ስንት የታወቀ ነገር እያለ ጊትሆርን አይሻልም? ውሃው፣ ጀልባው።

ደብተራው፦ ጊትሆርን ሂድና ከቱሪስት ጋር ተጋፋ፣ ማን ከለከለህ። ዴቬንተር የምትሄደው ለመጽሐፍ ነው፣ እኔ ለሌላ አልመክርም። ኼርት ኽሮተ የሚባል ሰው እዚህ በ1340 ተወለደ፣ የሀብታም ልጅ ነው፣ ንስሐ ገብቶ ወደ እግዚአብሔር ሲመለስ ቤቱን በ1374 ለድሆች ሴቶች ለቀቀ፣ ተከታዮቹ ደግሞ መሬትም ልመናም አልፈለጉም፣ መጽሐፍ በእጃቸው እየገለበጡ ነበር የሚበሉት፣ ልክ የኛ ቁም ጸሐፊዎች። ታላቁ ሊቅ ኤራስመስ በልጅነቱ የተማረው እዚሁ የላቲን ትምህርት ቤት ነው። ከዛ በ1477 ሪቻርድ ፓፍራት የሚባል ሰው ከጀርመኗ ኮሎኝ መጥቶ ማተሚያ አቆመ፣ የተማሪው ብዛት መጽሐፍ ይበላ ነበርና ከ1500 በፊት በዚህ አካባቢ እንደ ዴቬንተር ያተመ ከተማ የለም። አሁን ይሄን ስሙ፣ በ1513 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ያተመው ፖትከንም የኮሎኝ ካህን ነው፣ ፊደሉን ያስተማሩት እዛ የነበሩት የኛ መነኮሳት ናቸው። ዝምድና አላቸው አላልኩም፣ ግን ብሪንክ ላይ በቆምኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ቤቲ፦ ሆላንድ አይባልም ኔዘርላንድ ነው፣ ለየሮተርዳሙ።

የሮተርዳሙ፦ አገር ቤት ሁሉም ሆላንድ ነው የሚለው፣ እናቴን አርሚያት።

ቤቲ፦ ከ12 ክፍላተ ሀገር ሆላንድ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ዴቬንተር ኦቨርአይሰል ነው።

ሳሚ፦ እንግሊዝ ለንደን እንደማለት ነው ተዉት በቃ

የሮተርዳሙ፦ እኔ ሮተርዳም ነኝ፣ ሆላንድ ውስጥ ነኝ፣ ምን አጠፋሁ?

ደብተራው፦ ቤቲ ልክ ናት፣ እናትህም ይማሩን። ቀጥሉ።

ህሊና፦ የመጽሐፍ ገበያ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ መቼ ነው?

ደብተራው፦ ይሄ ነው ጥያቄ። የነሐሴያቸው የመጀመሪያ እሑድ፣ ወንዙ ዳርና መሀል ከተማው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ይሆናል፣ ከአውሮፓ ትልቁ ነው ይላሉ። ፍልሰታ የሚገባው በነሱ 7 ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጾሙ በፊት ትደርሳላችሁ። በጠዋት ግቡ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ እንጂ ጎማ ያለው ሻንጣ እንዳትጎትቱ፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው። እኔ አንዴ በጀርመንኛ የተጻፈ የግዕዝ ሰዋስው በ15 ዩሮ አግኝቻለሁ፣ ሻጩ አረብኛ መስሎት ነበር።

አቤል፦ ታኅሣሥ ላይ የዲከንስ ፌስቲቫሉስ?

ደብተራው፦ ሰው እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ በኖረበት ዘመን ልብስ ለብሶ ይዞራል፣ ያምራል፣ ይበርዳል፣ ሰልፉ ይገላል።

ሚሚ፦ ጾም ላይ ነው ደግሞ። ያ የዴቬንተር ኩክ የሚሉት ኬክ ይጾማል?

ደብተራው፦ ማርና ቅመም ያለበት ጠቆር ያለ ኬክ ነው፣ ብዙው እንቁላልም ቅቤም የለውም፣ ግን ማሸጊያውን አንብቢ። ስለ ጾም ካነሳሽ በባቡር ቀጣዩ ከተማ ዙትፈን ውረጂ። ዋልቡርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ1560ዎቹ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ መጽሐፎቹ እስካሁን አትሮንሱ ላይ በሰንሰለት እንደታሰሩ ናቸው፣ ከአስጎብኚ ጋር ነው የሚገባው። ወለሉ ላይ የውሻ ኮቴ አለ። አንድ መነኩሴ በጾም እዛ ተደብቆ ዶሮ ሲበላ ሰይጣን በውሻ መልክ መጣበት ነው አፈ ታሪኩ። እውነቱ ሸክላው ሳይደርቅ ውሻ ረግጦት ነው፣ ግን አስጎብኚው እስኪጨርስ አትናገሩበት።

ሳሚ፦ ጋሼ ቪዛ ላይ

ደብተራው፦ ኤምባሲ አይደለሁም።

ህሊና፦ ዴቬንተር ወርጄ ዙትፈን ስቀጥል ካርዱን እንደገና ነው የማስነካው?

ደብተራው፦ ከጣቢያ ከወጣሽ ስትወጪ አስነኪ፣ ስትገቢ አስነኪ፣ ዙትፈን ስትወርጂ አስነኪ። ከላይ ጽፌዋለሁ። የቀረውን ነገ ማታ እመልሳለሁ፣ የጠዋት ፈረቃ ነኝ።