የሪሌይ ቦርድና ከባድ ጭነት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቁጥጥር ሳጥን መሥራት የዘወትር ሥራዬ ነው። ሪሌይን፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያን፣ በተመለከተ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰማያዊው ሪሌይ ላይ «10 አምፔር 250 ቮልት» ተጽፏል። የእናቴን የእንጀራ ምጣድ በአርዱዪኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ላበራበት እችላለሁ?

መልስ፦ እባክህ ተው። ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ፣ ለ220 ቮልት ስታካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። 10 አምፔሩንም ቢሆን አትመነው፤ በርካሽ ቦርዶች ላይ ከሪሌዩ እግር እስከ ማሰሪያው ብሎን ያለው የመዳብ መስመር ስስ ነው። እኔ ለረጅም ሰዓት ከ5 አምፔር በላይ አላሳልፍበትም። አንድ ጊዜ ለጥገና የመጣልኝን ቦርድ ስገለብጠው መስመሩ ጠቁሮ፣ ቀለሙ አረፋ አውጥቶ፣ የማሰሪያው ፕላስቲክ እንደ ሻማ ወርዶ አገኘሁት። ሪሌዩ ግን ገና «ቀጭ» ይል ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ስለዚህ ኮንታክተር፣ ማለትም ለከባድ ጭነት የተሠራ ትልቅ ሪሌይ፣ ግዛ። ትንሹ ሪሌይ የኮንታክተሩን ባለ 220 ቮልት ኮይል (ማግኔት የሚሆነውን ጥቅልል ሽቦ) ብቻ ያብራ፤ የምጣዱን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም። ለማሞቂያ ጭነት 25 አምፔር የሚችል ኮንታክተር፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ይበቃሃል። ማጥፋቱ ከሩቅ ይሁን፤ ማብራቱ ግን እናትህ ምጣዱ አጠገብ ሳሉ ብቻ።

ጥያቄ፦ የአርዱዪኖውን ፒን (ትእዛዝ የሚወጣበትን እግር) ዜሮ ሳደርገው ሪሌዩ ይበራል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ነው፤ ብዙዎቹ ቦርዶች በዜሮ የሚበሩ ናቸው። በኮድህ ፒኑን አስቀድመህ ሃይ (የዜሮ ተቃራኒ) አድርግና ቀጥሎ አውትፑት (መውጫ) በለው፤ ያኔ ኃይል ሲመጣ ከሪሌዩ ጋር ያሰርከው ዕቃ ለቅጽበት አይነሣም።

ጥያቄ፦ የውሃ ፓምፑ በጠፋ ቁጥር አርዱዪኖዬ እንደ አዲስ ይነሣል።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተመልከቺ፣ እህቴ። አንደኛ፣ ባለ 5 ቮልቱ ሪሌይ ኮይል 70 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል፤ አራት ሲሆኑ 280 ነው፤ ይህ ለአርዱዪኖው ይከብደዋል። በሪሌይ ቦርዱ ላይ «ጄዲ-ቪሲሲ» የሚለውን መዝለያ (ሁለት እግሮችን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) ነቅለሽ ለኮይሎቹ የራሳቸውን ባለ 5 ቮልት ምንጭ ስጪ። ሁለተኛ፣ ሞተር ሲቋረጥ የሚረጨው ብልጭታ ነው፤ 100 ኦም ሬዚስተርና ለ220 ቮልት የተሠራ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አያይዘሽ ከፓምፑ ጋር ትይዩ እሰሪ።

ጥያቄ፦ በባለ 48 ቮልት የሶላር ባትሪ ላይስ ይኸው ሪሌይ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። በሪሌዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ለዲሲ (ከባትሪ እንደሚወጣው ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ) የተፈቀደው 30 ቮልት ነው። የቤት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ በኮንታክቶቹ መካከል የሚነሣው እሳት በራሱ ይጠፋል። ዲሲ ግን ፋታ የለውም፤ ኮንታክቱ ተላቅቆም እሳቱ እንደ ብየዳ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ለዲሲ የተሠራ ኮንታክተር ፈልግ፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክት ካለበትም አቅጣጫውን አታዛባ።